ቦርሳው ከእጃችሁ ቢወጣስ? ለአደን ጫካ ስትገቡ ኪሳችሁ ውስጥ ምን ይኑር

(ምስል፦ ምሽት። የጥድ ጫካ። በወደቁ ግንዶች መካከል ትንሽ እሳት ይታያል።)

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከአንድ ምሽት ልጀምር።

ኮሎራዶ ውስጥ ፍላት ቶፕስ የሚባል ተራራማ አገር አለ። ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ለኤልክ አደን ወጥተን ነበር። ኤልክ ከፈረስ ብዙም የማያንስ ትልቅ አጋዘን ነው። በኮሎራዶ ከ280 ሺህ በላይ አሉ። ስለዚህ ወቅቱ ሲደርስ ከዴንቨርም ከኦሮራም ጫካ የሚገባው ሰው ብዙ ነው፤ የእኛም ልጆች አሉበት።

ከሰዓት በኋላ ትኩስ ኮቴ አየሁ። ቦርሳዬ ከብዶኛል። ቅርንጫፍ በነካው ቁጥር ደግሞ ድምፅ ያሰማል። አንድ የወደቀ ግንድ ሥር አስቀመጥኩትና "አሥር ደቂቃ ሄጄ እመለሳለሁ" ብዬ ኮቴውን ተከተልኩ። አሥሩ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ። ስመለስ ግንዱን አጣሁት። በዚያ ጫካ ጥንዚዛ ያደረቀው ዛፍ ብዙ ነው። የወደቀ ግንድ በየእርምጃው አለ፤ ሲመሽ ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላል።

ቦርሳው ውስጥ ሁሉ ነገር ነበር። ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ውሃ፣ ኮምፓስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ። ኪሴ ውስጥ የነበረው ግን አንድ ላይተርና አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ብቻ ነው።

ከሦስት ሰዓት በኋላ አብረውኝ የወጡት ጋሼ የእሳቱን ጭስ አሽትተው አገኙኝ። አልተቆጡም። "ቦርሳህስ?" ብቻ አሉኝ።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የአደን ጃኬት። ኪሶቹ ተከፍተዋል።)

ለመንሸራሸር የወጣ ሰው መንገድ ይዞ ይሄዳል። አዳኝ ግን መንገዱን ትቶ ነው የሚገባው። አውሬው የሚንቀሳቀሰው ሲነጋና ሲመሽ ነው። ሕጉም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለግማሽ ሰዓት መተኮስ ይፈቅዳል። በኦክቶበር አጋማሽ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት። ልክ ሲጨልም ከመኪናችሁ በጣም የራቃችሁበት ሰዓት ነው። ቁልቁል ስትሮጡ አልቧችኋል። ዓይናችሁ ያለው አውሬው ላይ ነው እንጂ የመጣችሁበት መንገድ ላይ አይደለም።

ስለዚህ እኔ ዕቃዬን ለሁለት ነው የምከፍለው፦ ከሰውነቴ የማይለይና ሊለይ የሚችል። ሕይወት የሚያተርፈው ሁሉ በመጀመሪያው ወገን መሆን አለበት። ኪስ ውስጥ፣ ቀበቶ ላይ፣ አንገት ላይ። ኪስ የማይችለው ነገር ከሆነ ትንሽ የወገብ ቦርሳ ይበቃል። ዋናው ስትሮጡም ስትንበረከኩም የማታወልቁት መሆኑ ነው።

ከእሳት እንጀምር።

(ምስል፦ እጅ በቅርብ። ጥጥ፣ ቫዝሊን፣ ትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ።)

ይህን ቤታችሁ አሁኑኑ መሥራት ትችላላችሁ። የዋልነት ፍሬ የምታህል ጥጥ ውሰዱ። ቫዝሊን ቀቡት፤ ግን አታንጨማልቁት። ውጪው ይቀባ፣ ውስጡ ደረቅ ይሁን። እሳት የሚይዘው ደረቁ ክር ነው፤ ቫዝሊኑ ደግሞ እንደ ሻማ ሰም ቀስ እያለ ይነድዳል። ስትለኩሱት በጣታችሁ በተን አድርጉት። ጥጡ ብቻውን ቢሆን ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቫዝሊን የነካው ግን ለደቂቃዎች ይቆያል፤ ያ ጊዜ እርጥብ ጭራሮ ለማያያዝ ይበቃል። አሥር ያህሉን የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጠቅጥቁና ክዳኑን ግጠሙ።

ላይተሩን የውስጥ ኪስ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ አድርጉት። ጋዙ ሲቀዘቅዝ እሺ አይልም። ከላይተሩ ሌላ ውሃ በማይገባበት ዕቃ የተያዘ ክብሪት ጨምሩ። የእሳት ክልከላ የታወጀበት ወቅት ሊሆን ስለሚችልም ከመውጣታችሁ በፊት አጣሩ። ጭንቅ ከመጣ እሳቱ ትንሽ ይሁን፣ ዙሪያውን እስከ አፈሩ ጥረጉ።

(ምስል፦ ውሃ የነካው ጋቢ ሲጨመቅ።)

አሁን ስለ ጋቢ ላውራ። ለብዙዎቻችን ሙቀት ማለት ጋቢ ነው፤ ለእኔም። ግን ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፣ ከረጠበ ግን ውሃውን ይዞ ይቀርና ሙቀታችሁን ይመጥጣል። ጂንስም፣ ኮፍያ ያለው የጥጥ ሹራብም እንደዚያው ነው። የመንዝ ሰው በዚያ ብርድ በርኖስና ባና የሚመርጠው በከንቱ አይደለም። የበግ ፀጉር ረጥቦም ቢሆን ሙቀት ይይዛል። ገላችሁን የሚነካው ልብስ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ይሁን። ትርፍ የሱፍ ካልሲና ኮፍያም ኪስ ውስጥ ይገባሉ።

ብርድ ሰው የሚጎዳው በረዶ ሲጥል ብቻ አይደለም። ከዜሮ በላይ በሆነ አየርም የረጠበና ነፋስ ያገኘው ሰው የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል፤ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል። ንግግሩ ይኮላተፋል። ከዚያ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ያኔ የተሻለው እንዳይመስላችሁ፤ የባሰው ያን ጊዜ ነው።

ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ርካሽ ነው። ወፍራም ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክ። ካገኛችሁ ብርቱካናማ ይሁን። ከታችኛው ጥግ ለፊታችሁ የሚበቃ ቀዳዳ ቅደዱና ከላይ አጥልቁት። ፊታችሁ ሁልጊዜ ውጪ ይሁን። ከሥራችሁ የጥድ ቅርንጫፍ በወፍራሙ አንጥፉና ተቀመጡበት፤ መሬቱ ከነፋሱ ባልተናነሰ ሙቀት ይወስዳል። ያ የሚያብረቀርቀው ስስ ብርድ ልብስም ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ኪስ ይገባል። ግን በነፋስ ቶሎ ይቀደዳል። ለእኔ ላስቲኩ ይበልጣል።

(ምስል፦ ተርኒኬት በቀኝ እጅ ብቻ ግራ ክንድ ላይ ሲታሰር።)

ብልት ስናወጣ ቢላ ያመልጣል። ጨለማ ነው፣ እጅ ቀዝቅዟል፣ ደም ያንሸራትታል። ስለዚህ ተርኒኬት፣ ማለትም በዘንግ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ቀበቶዬ ላይ ነው የሚውለው። ከእጅ ወይም ከእግር ደም እየተረጨ ከወጣና በኃይል መጫን ካላቆመው፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። መገጣጠሚያ ላይ አይሁን። ደሙ እስኪቆም ዘንጉን አዙሩ። ያማል፤ ማመሙ ተሳስታችኋል ማለት አይደለም። የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ፣ ሐኪም ጋር እስክትደርሱ አትፍቱት። ቤት ሆናችሁ በአንድ እጅ ማሰር ተለማመዱ። ካልተለማመዱት ጌጥ ነው።

መብራትና ድምፅ። ግንባር ላይ የሚታሰር ትንሽ ባትሪ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፊሽካ አንገት ላይ ይንጠልጠል። ሦስት ጊዜ መንፋት፣ ማረፍ፣ እንደገና ሦስት። ሦስት ጥይት መተኮስም የቆየ የጥሪ ምልክት ነው። ግን በአደን ወቅት ተኩስ ቀኑን ሙሉ ስለሚሰማ ማን ልብ ይላል? ጥይቱም ያልቃል። ትንፋሽ አያልቅም።

ስልካችሁ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ሲፈልግ ውሎ ባትሪውን ይጨርሳል። ጫካ ስትገቡ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ከላይተሩ ጋር አሙቁት። ጥሪ እምቢ ካለ ለ911 ቴክስት ሞክሩ፤ ብዙ ቦታ ይሠራል፣ ደካማ ሲግናልም ይበቃዋል። ከአይፎን 14 ጀምሮ በሳተላይት እርዳታ መጥራት ይቻላል፤ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በኖቬምበር 2022 ነው። ሰማይ ማየት ግን ይፈልጋል። ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር ካልሠራ ወደ ገላጣ ቦታ ውጡ። ደጋግማችሁ የምትወጡ ከሆነ በ406 ሜጋኸርትዝ የሚሠራውን የግል የአደጋ መጥሪያ ግዙ። ወርኃዊ ክፍያ የለውም፣ ምዝገባውም ነፃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከወገኖቻችን ደጋግሜ የምሰማው ፍርሃት ስለሆነ። "911 ብደውል የፍለጋው ሂሳብ ይመጣብኛል" ይላሉ። ኮሎራዶ ውስጥ ፍለጋውን የሚመራው የካውንቲው ሸሪፍ ነው፤ ወጥተው የሚፈልጉት ፈቃደኞች ናቸው፤ አያስከፍሉም። ከአደን ፈቃዳችሁ ላይ እንኳ 25 ሳንቲም ለዚሁ ፈንድ ይገባል። አምቡላንስና የሕክምና ሄሊኮፕተር ሂሳብ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ፍለጋው ግን አያመጣም። ስለዚህ አትዘግዩ። ሳይጨልም የደወለ ሰው ሳይጨልም የመገኘት ዕድል አለው።

ምግብ ለአንድ ሌሊት አያሳስብም፤ ግን ሰውነት የሚሞቀው በሚበላው ነው። አባቶቻችን ለመንገድ የያዙት ስንቅ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ዳቦ ቆሎ አይበላሽም፣ አይፈርስም። ጭኮ ቅቤ ስላለው በትንሹ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። በብርድ ስለሚጠጥር ግን ቤት ሳላችሁ በጉርሻ በጉርሻ ቁረጡትና በደንብ የሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ አድርጉት፤ ድብ ሽታ ይከተላል። ውሃ ከምንጭ ከቀዳችሁ አፍሉት፤ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ይፍላ። የውሃ ማጣሪያ ከያዛችሁ ሌሊት በረዶ እንዳይሠራ ጃኬታችሁ ውስጥ ይደር። አንዴ በረዶ ከሠራ ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ከውጭ ግን አይታወቅም።

(ምስል፦ ማቀዝቀዣ በር ላይ በማግኔት የተያዘ ወረቀት።)

የመጨረሻው ዕቃ ቤት የሚቀር ነው። አንድ ወረቀት። መኪናው የሚቆምበት ቦታ፣ የመንገዱ ቁጥር፣ ታርጋው፣ የጃኬቴ ቀለም፣ አብሮኝ ያለው ሰው ስልክ፣ እና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወልኩ 911 ይደወል የሚለው።

በፊት ለባለቤቴ "እስከ 4 ሰዓት ካልደወልኩ" ብዬ ነበር የምጽፈው። እሷ ታውቀዋለች። ግን ተጨንቃ ስትደውል ያንኑ ወረቀት እያነበበች ነው። 911 ላይ ያለችው ሴት በእንግሊዝኛ "4 ሰዓት" ስትባል የምትረዳው በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትን ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት። ስለዚህ አሁን በአሜሪካ ሰዓት "ከምሽቱ 10" ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። እሷም ከመውጣቴ በፊት ጮክ ብላ ታነብልኛለች። ወረቀቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ ይውላል። ስመለስ ራሴ አነሳዋለሁ።