የት እንደምትውል ማንም አልጠየቃትም

እሺ። ዛሬ ስለ እንቅልፍ እንቀጥላለን ብያችሁ ነበር፤ ይቆየን። የእህቴ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል።

አልትራሳውንዱ ጉበቷ ላይ ስብ አሳየ። ዶክተሩ ወረቀቱን አየና "ትጠጪያለሽ?" አላት። "አልጠጣም።" "አልፎ አልፎስ?" "ኧረ በፍጹም፣ ዶክተር።" ክብደቷን ጠየቀ። ስኳር ጠየቀ። ተገቢ ነው፣ መጠየቅ አለበት። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንዷን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነው። "የት ነው የምትሠሪው?" የምትለዋን። አልመጣችም።

የት እንደምትሠራ ታውቃላችሁ። ላውንደሪ ውስጥ፣ ከድራይ ክሊን ማሽኑ ፊት። በሩን ስትከፍተው ጣፈጥ ያለ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ይወጣል። ማታ ልብሷ ላይ ተከትሏት ቤት ይገባል። ፐርክሎሮኢታይሊን ነው፣ ልብሱ በውሃ ፈንታ የሚታጠብበት ኬሚካል። ጉበት እንደሚጎዳ የታወቀ ነገር።

ቢጠይቃትስ ምን ይለወጥ ነበር? ምናልባት ምንም። ግን እ.ኤ.አ. በ1974 ሉዊቪል፣ ኬንታኪ የሆነውን እዩ። በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ አንጂዮሳርኮማ የሚባል እጅግ ብርቅ የጉበት ካንሰር ተገኘ። የነቃው የፋብሪካው ሐኪም ነው። በሽተኞቹ የት እንደሚውሉ ያውቃላ! ጥፋተኛው ፕላስቲኩ የሚሠራበት ጋዝ፣ ቪኒል ክሎራይድ ነበር። በኋላ ደግሞ ያልወፈሩ የቪኒል ክሎራይድ ሠራተኞች ሲመረመሩ፣ የብዙዎቹ ጉበት ስብ ይዞ ተቆጥቶ ተገኘ።

ያኔ የተመረመሩት በብዛት ወንዶች ናቸው። የሴቷስ? ፒፋስ የሚባሉትን፣ ውሃና ቅባት የማያስይዙ ዕቃዎች የሚሠሩባቸውን ኬሚካሎች ውሰዱ፤ እነሱም ጉበት ላይ ይጠረጠራሉ። ደም ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ሴት በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በማጥባት ትቀንሳቸዋለች። በማጥባት ማለት እኮ... ወደ ልጇ ነው። ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀመጥኩት። ስታርጥ ደግሞ ያ መንገድ ይዘጋል፣ ጉበቷን ሲጠብቅላት የነበረው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞንም ይቀንሳል።

የእህቴ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ ኤኤልቲ (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም) 31 ይላል። ከጎኑ "እስከ 40"። "ኖርማል ነው" ተባለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ ግን ጣሪያውን ለወንድ ከ29 እስከ 33፣ ለሴት ከ19 እስከ 25 ያደርገዋል። ታዲያ 31 ለእሷ ምንድነው? መልሰን እንሂድ ስላት "ኖርማል ተብያለሁ አይደል" ብላ ዘጋችው። ሥራውን ልቀቂ አልላት ነገር፣ መተዳደሪያዋ ነው። ማስክ ብላት፣ ተራው ማስክ ትነት አያስቆምም።

ወንድሜም እዚያው ነው የሚሠራው። እሱ ደግሞ ይጠጣል። አልኮል የአንዳንዶቹን ኬሚካሎች ጉዳት ያባብሳል። ነገ ጉበቱ ታመመ ቢባል ሁሉም በመጠጡ ይመካኛል፤ ማሽኑን ማን ያነሳዋል? ተመርመር አልኩት። "ሥራ ላይ ነኝ፣ እደውልልሻለሁ" አለኝ። እስካሁን... እኔ ልደውልለት መሰለኝ፣ ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው? መጠጡን ካነሳሁ ይዘጋብኛል፣ ሥራውን ካነሳሁ ደግሞ...