ኮራሎች በሌሊት ይዋጋሉ፦ በቤት አኳሪየም ውስጥ ርቀት እንዴት ይለካ?

[ምስል፦ ቀን። መብራቱ በርቷል። በዓለቱ ላይ አረንጓዴ ኮራል ይታያል።]

ኮራል ከባሕር ዓለት ጋር ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ይህኛው ጋላክሲያ ይባላል። በቀን ብርሃን ስታዩት በድንጋይ ላይ የፈነዳ የአበባ ጉንጉን ይመስላል። ዙሪያው ባዶ ስለሆነ ሌላ ኮራል አጠገቡ ለመትከል እጅ ይቸኩላል። ግን ያ ባዶ ቦታ ባለቤት አለው።

[ምስል፦ ሌሊት። ደብዛዛ ቀይ መብራት።]

መብራቱ ከጠፋ በኋላ ተመልከቱት። ከፖሊፖቹ (ኮራሉ ከተሠራባቸው ትናንሽ አፍ ያላቸው አካላት) መካከል ቀጫጭንና ረጃጅም መዳሰሻዎች ይወጣሉ፤ ጫፋቸው በነዳፊ ሕዋሳት የታጨቀ ነው። የጋላክሲያ መዳሰሻ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ያገኘውን ጎረቤት ሥጋ ያቃጥላል፤ ከሥጋው በታች ያለው ነጭ አጽም እስኪገለጥ ድረስ። ኮራል ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ብርሃንና ቦታ የሚያገኘው ሌላውን በማራቅ ነው። በቀይ ባሕር ዓለቶች ላይም የሚኖረው እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ርቀትን በቀን፣ ከአጽም እስከ አጽም መለካት አይበቃም። ኮራሉ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ጫፉ የት እንደሚደርስ በሌሊት እዩ፤ ከዚያ ጀምራችሁ ለኩ። እኔ ለጋላክሲያ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ቦታ አልሰጥም።

[ምስል፦ ፓምፑ የሚገፋው ውሃ መዳሰሻዎቹን ወደ አንድ ጎን ሲወስዳቸው።]

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የውሃውን ፍሰት ነው። መዳሰሻ የሚዘረጋው ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ በዚያ በኩል የተቀመጠ ኮራል ከሌላው ይልቅ አደጋ ላይ ነው። ኃይለኛውን ኮራል ፍሰቱ በሚጨርስበት ጫፍ አኑሩት፤ ደካሞቹ ከእርሱ በፊት ይሁኑ። ፓምፑን ባዞራችሁ ቁጥር የአደጋው ካርታ እንደሚለወጥ አስታውሱ።

አሁን ወደ ተወዳጆቹ እንምጣ፦ ቶርች፣ ሀመር እና ፍሮግስፖን ወደሚባሉት ኮራሎች። ብዙ ጊዜ በአንድ ላይ ስለሚሸጡ እርስ በርስ የሚስማሙ ይመስላሉ። ሀመር እና ፍሮግስፖን አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ቶርች ግን ሁለቱንም ይነድፋል። ለእርሱ የራሱን ዓለት ስጡት።

ረጅም መዳሰሻ የሌለው ሁሉ የዋህ ነው ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጁዲት ላንግ የተባለች ተመራማሪ፣ በጃማይካ ባደረገችው ጥናት፣ አንዳንድ ኮራሎች የሆድ ዕቃቸውን ክሮች ወደ ውጭ አውጥተው ጎረቤታቸውን ከነሕይወቱ እንደሚፈጩት አሳይታለች። ከአኳሪየም ኮራሎች ሃይድኖፎራ በዚህ መንገድ እጅግ ብርቱ ነው፤ ከነካው የሚተርፍ ጥቂት ነው።

ለስላሳ ኮራሎች፣ በተለይ ሳርኮፊቶን፣ መርዛማ ኬሚካል ወደ ውሃው ይለቃሉ። እዚህ ላይ ርቀት ብቻውን አይረዳም፤ ማጣሪያው ውስጥ አክቲቬትድ ካርቦን (መርዙን ከውሃው የሚመጥ ከሰል) አድርጉ፣ ውሃውንም በየጊዜው ቀይሩ።

[ምስል፦ አንድ ጎኑ የነጣ ኮራል።]

ሁለት ኮራሎች ለጥቂት ሳምንታት ተስማምተው ቢኖሩ እንዳትዘናጉ። ረጃጅሞቹ መዳሰሻዎች ጎረቤት መኖሩ ከታወቀ በኋላ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፤ ኮራሎቹም ራሳቸው እየሰፉ ይቀራረባሉ። አንዱ ጎን ብቻ ሲነጣ ካያችሁ፣ የተጎዳውን በዚያው ቀን አንሡት። ቁስሉን አትፈትጉ፤ የለመደውን ያህል ብርሃን ወደሚያገኝበት፣ ውሃው በለስላሳው ወደሚዘዋወርበት ቦታ አዛውሩት። ከዚያ በኋላ ያለውን ክፍት ዓለት ባዶ ተዉት።