ቢላዋ ከማንሳታችን በፊት ዕንቁላል እንፈልግ

የተከበራችሁ የሐይቅና የአካባቢዋ ንብ አናቢዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ክረምቱ እየወጣ ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ ቀፎው ይሞላል፤ ሲሞላም መንጋ ያወጣል፤ ማለትም ንቦቹ ተከፍለው ከፊሉ ሌላ ቤት ፍለጋ ይሄዳል።

የቀፎውን ንግሥት አውራ ብለን ብንጠራትም ሴት ናት፤ ቀፎውንም አታዝዝም። ሥራዋ ዕንቁላል መጣል ነው። መውጫውን የሚወስኑት ሠራተኞቹ ናቸው። ቦታ ሲጠባቸውና የአውራዋ ጠረን ለሁሉም አልዳረስ ሲል፣ ከእንጀራው (ማርና ዕንቁላል ከሚይዘው የሰም ገበታ) ጠርዝና ግርጌ ላይ ኦቾሎኒ የመሰለ የአውራ ቤት ወደ ታች አንጠልጥለው ይሠራሉ። በውስጡ ያለው ዕንቁላል ከሠራተኛዋ የተለየ አይደለም፤ አውራ የሚያደርጋት ምግቧ ነው። ዕንቁላሉ ከተጣለ በ8 ቀን ገደማ ቤቱ ይታሸጋል፤ በ16 ቀን ልጂቱ ትወጣለች። አሮጌዋ ግን አትጠብቃትም፤ ቤቱ ሲታሸግ፣ ዝናብ ካልያዛት፣ ከሠራተኛው እኩሌታውን ወይም ከዚያ በላይ አስከትላ ትሄዳለች። ስለዚህ በየ7 ቀኑ ማየት ነው። በእበት በተመረገው በባህላዊው ቀፎ ይህ አይሆንም፤ የምንናገረው እንጀራው ተነቅሎ ስለሚታይበት ቀፎ ነው።

ጥፋቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰው የአውራ ቤት ሲያይ ሁሉንም ቆርጦ ይጥላል። መንጋው ቀድሞ ወጥቶ ከነበረ ቀፎው አሮጌዋም አዲሷም የሉትም ማለት ነው። 3 ቀን ያልሞላው እጭ ካለ ከእሱ ሌላ ያሳድጋሉ። እሱም ካለቀ ሠራተኞቹ ራሳቸው ዕንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ ከድንጉላ (ከወንዱ ንብ) ጋር ስለማይገናኙ ግን የሚፈለፈለው ድንጉላ ብቻ ነው። ድንጉላ አይቀስምም። ቀፎው ይመነምናል፤ ሰም የሚበላው ብል ይወርሰዋል። በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሦስት ዕንቁላል ካያችሁ ምልክቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ አጭሳችሁ፣ እንጀራውን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ዕንቁላል ፈልጉ። ቀጥ ብሎ የቆመው የዛሬ ነው፤ በ3ኛው ቀን ይተኛል። ዕንቁላል ካለ ቤቶቹን ቁረጡና ቦታ አስፉላቸው፤ ቦታው ካልሰፋ መልሰው ይሠሩታል። የምትጨምሩት የእንጀራ መስቀያ እንጨት ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከሰፋ እንጀራውን ከጎረቤቱ ጋር አጋጥመው ይገነቡታል። ዕንቁላል ከሌለ ግን በደንብ የተሠራ አንድ የአውራ ቤት ተዉ፤ ሌላውን ቁረጡ፤ ከዚያ 3 ሳምንት አትንኩት።

ቀፎው ጭር ብሎ አንድም ንብ ካጣችሁበት ያ ኩብለላ ነው እንጂ መንጋ አይደለም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጉንዳን፣ ብል ወይም ማሩን ሙልጭ አድርጎ መቁረጥ ነው። ለጉንዳን የመቆሚያውን አራት እግር የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙት፤ ሣርም እንዳይነካው እጨዱለት።