የመቅደላ መጻሕፍት በክፍላችን፦ በታሪክ መምህራን ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ደሴ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን በደህና መጣችሁ!

ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር፣ ከውጫሌ፣ ከተንታ ድረስ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ፣ ምስጋናችን ከልብ ነው። መርቀው የከፈቱልንን አባቶችና ሼሆች ፈጣሪ ዕድሜ ይስጥልን። አዳራሹን ለፈቀደልን ትምህርት ቤትና ቡናውን ላሰናዱልን እናቶችም እንዲሁ።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርበዋል። እኔ በአጭሩ ልለፈው። ኮምቦልቻ ላይ ሥልጠና ሰጥተናል። ከተለያዩ አገሮች ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጾች የወረዱ የብራና ምስሎችና የድሮ ጋዜጦች በፍላሽ ተባዝተው ለአባላት ደርሰዋል። ከምስሎቹ ጋር የሚሄዱ የትምህርት ዕቅዶችም ተዘጋጅተዋል። ዕቅዶቹን ያዘጋጁት ባልደረቦቻችን ቅዳሜና እሁዳቸውን ሰጥተው፣ የካፌ ዋይፋይ ከኪሳቸው ከፍለው ነው። በጣም ኮርቼባቸዋለሁ።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

ነገሩ የተነሳው ኮምቦልቻ ላይ መሆኑን ታውቃላችሁ። ግድግዳው ላይ የወጣው የመጀመሪያው ምስል ከመቅደላ የተወሰደው ባለ ሥዕሉ ራእየ ዮሐንስ ነበር። ብራናው ዛሬ ለንደን፣ በብሪታኒያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። አንድ ነባር አባላችን ብድግ አሉና «የወሰደብን ሰው በፈቀደልን ቀዳዳ የገዛ ንብረታችንን እያየን ነው ልጆቻችንን የምናስተምረው?» ብለው ጠየቁ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እስከ ዛሬም አልታረቀም።

ጥያቄው ከባድ ነው። ማንም አቃሎ እንዲያየው አልፈልግም። መቅደላ እዚሁ እኛው ወሎ ውስጥ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በእንግሊዝ ወታደር እጅ ወደቁ። ዘረፋው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ተራገፈ። እዚያው ለሁለት ቀን በጨረታ ተቸበቸበ። ከጦሩ ጋር የመጣ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ ብራናዎች ሙዚየሙ ገቡ። በ1965 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍቱ ራሱን ችሎ ሲቋቋም ደግሞ ወደዚያ ተዛወሩ።

ስለዚህ ቁጣው ይገባኛል። እኔንም ያንገበግበኛል። «ስለዚህ አንጠቀምባቸው» የሚለውን መደምደሚያ ግን አልቀበልም።

አፄ ዮሐንስን አስታውሱ። በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ሲጽፉ በደፈናው «ንብረታችንን መልሱ» አላሉም። ክብረ ነገሥትን በስሙ ጠርተው ጠየቁ። ኵርዓተ ርእሱ የተባለውንም የክርስቶስ ሥዕል በስሙ ጠርተው ጠየቁ። ሥዕሉ ባይመለስም ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ንጉሡ ምን እንደጎደላቸው ለይተው ያውቁ ነበር። የኛ ተማሪስ? ቅርስ መዘረፉን ከመጽሐፉ ላይ በአንድ መስመር ያነባል፣ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ በክረምት ይረሳዋል። ምን እንደተወሰደበት ያላየ ልጅ ነገ አድጎ ምን ብሎ ይጠይቃል?

ሞክረው ያዩት መምህራን ያመጡትን ወሬ ልንገራችሁ። ልጆቹ መጀመሪያ የሚሉት «እንዴ! ማንበብ እችላለሁ!» ነው። ግዕዙ ባይገባቸውም ፊደሉ የራሳቸው ነው። የውጭ ተመራማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚቆጥረውን ፊደል እነሱ ገና በልጅነታቸው ጨርሰውታል። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ቀይ ቀለሙ ለምን እየተመረጠ ስሞች ላይ ገባ? እዚህ ጋ ስም ተፍቆ ሌላ የተጻፈበት ለምንድን ነው? መጽሐፍ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲያልፍ የቀድሞው ስም እንደሚፋቅ ትነግሯቸዋላችሁ። በኅዳጉና በባዶው ገጽ ላይ የመሬት ስጦታና የንብረት ዝርዝር ይጻፍ እንደነበርም ትነግሯቸዋላችሁ። ያኔ አንዱ እጁን ያወጣና «ታዲያ ይሄ መጽሐፍ እንዴት እንግሊዝ አገር ደረሰ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ከተማሪ አፍ ለመስማት ነው የምንለፋው። መጽሐፉን ዘግተን ብንተወው ማን ይጠይቀዋል?

ተቃዋሚዎቻችን ሁለተኛ ነጥብ አላቸው፤ እሱ የበለጠ ይከብዳል። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. የለንደኑ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ተመታ። ዲጂታል ብራናዎቹ ለረጅም ጊዜ ከድረ ገጹ ጠፉ። «አያችሁ፣ ቁልፉ በሰው እጅ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚያው ወቅት በኛም አካባቢ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በሩ ከዚያም ከዚህም ተዘጋብን። መፍትሔው ግን ሲከፈት አውርዶ ማስቀመጥ፣ አትሞ መያዝ ነው። የአጠቃቀም ደንቡን አንብቦ፣ ምንጩን በትክክል ጽፎ። ኮኔክሽን ሲኖር ብቻ የሚሠራ የትምህርት ዕቅድ ለወሎ መምህር አይሆንም።

አንድ ነገር በግልጽ ይመዝገብልኝ። ፎቶ ብራናውን አይተካም። ምስሉን በኢንተርኔት አየን ብለን የይመለስልን ጥያቄያችንን አናለዝብም። ለዚህም ነው ሥራ አስፈጻሚው ለዛሬ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረበው። ማኅበራችን በሚያሰራጨው በእያንዳንዱ የመቅደላ ምስል ግርጌ፣ ብራናው ከየት፣ መቼ፣ እንዴት እንደተወሰደ ይጻፍ። ልጁ ሥዕሉን ባየ ቁጥር ይህንንም አብሮ ያንብብ።

የሚቆጨኝ ደግሞ በአንዱ ምንጭ ላይ በተነሳው ክርክር ሌላው ሁሉ አብሮ መጣሉ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ የሚባል ድረ ገጽ አለው። የኒውዚላንዱ ደግሞ ፔፐርስ ፓስት ይባላል። ሁለቱም የድሮ ጋዜጦችን በነጻ ያስነብባሉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ይህቺ ከተማ በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ። የውጭ ጋዜጠኞችም እዚሁ ነበሩ። የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። ወሬው በቴሌግራም ሽቦ እስከዚያ ዓለም ጫፍ ደርሶ ታትሟል። ስትፈልጉ ደሴን በዘመኑ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ፣ መጨረሻው ላይ ዋይ አስገብታችሁ (Dessye) ሞክሩት። የደሴ ልጅ ይህን ጋዜጣ አያቱ ከነገሩት ጋር ቢያስተያይ ምን ይከፋዋል? እዚህ ውስጥ የተዘረፈ ነገር የለም። ግን ፋይሉን የከፈተው ስንቱ ነው?

ከመካከላችሁ «በዓረብኛ ፊደል የተጻፉት የአጀም ጽሑፎቻችንስ? የመንዙማው ቅርስስ የት አለ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። ትክክል ናችሁ። ወሎን በብራና ብቻ ማስተማር ግማሹን መተው ነው። በሚመጣው ዓመት ባለቤቶቹን አስፈቅደን በራሳችን ስልክ ማንሳት መጀመር አለብን። ለዚህ የማንንም አገር ድረ ገጽ መጠበቅ የለብንም።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። መዋጮውን ያልከፈለው ከከፈለው ይበልጣል። ያለን ፕሮጀክተር አንድ ነው፣ አምፖሉም ተቃጥሏል። ባለ ቀለም ኅትመት ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን ዛሬ እዚህ ለሌላችሁ ልናገር። ንግግሩ እየተቀዳ ነው፣ ይደርሳችኋል።

ፍላሹን ወስዳችሁ መሳቢያ ውስጥ የቆለፋችሁበት ወንድሞችና እህቶች፣ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለሁሉም ነገር አውራ ጣት ትልኩልናላችሁ። እናመሰግናለን። ግን ከአውራ ጣታችሁ ይልቅ አንድ ክፍለ ጊዜ እፈልጋለሁ። አንዱን ምስል ይዛችሁ ክፍል ግቡ። አልሠራ ካለ «አልሠራም» ብላችሁ ጻፉልን። እሱም ይጠቅመናል።

ሐሳቡን ተቃውማችሁ የቀራችሁ ደግሞ፣ እናንተ ናችሁ ይበልጥ የምታሳዝኑኝ። ምክንያቱም እናንተ ነገሩ ግድ ይሰጣችኋል። ጋሼ፣ በተለይ እርስዎ። እኔን ታሪክ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «ማስረጃህን አምጣ» እያሉ ነው ያሳደጉን። ኮምቦልቻ ላይ ያነሱት ጥያቄ ባይኖር ኖሮ የግርጌው ጽሑፍ ሐሳብ አይመጣም ነበር። ታዲያ ቃላቱን ማን ያርመው? ከእርስዎ የተሻለ ሰው አላውቅም። መቃወምዎን ይቀጥሉ፣ ግን እዚህ መጥተው ይቃወሙን። ልጆቹ የሁለታችንንም ክርክር መስማት አለባቸው።

የውሳኔ ሐሳቡ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ለውይይት ይቀርባል። ድምፅ የምንሰጠው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ያላችሁን ስልክ አውጡና የቀሩትን ደውላችሁ ጥሩልኝ፣ ቢያንስ የደሴዎቹ ይደርሳሉ። ጉባኤው ተከፍቷል።