ይጥፋ ወይስ ይቆይ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ባለፈው ክፍል የጀመርኩትን የድሮ ፎቶ ቤቶች ወሬ ዛሬ እንደምጨርስ ቃል ገብቼ ነበር፤ ነገር ግን ሐሳቤ ሌላ ቦታ ተይዟልና ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ፎቶ ቤቶቹ የትም አይሄዱም። እናንተ «የእንጀራ እናትሽ» ብላችሁ ስም ያወጣችሁላት የአባቴ ፔጆ 404 ታብሌት ተገጠመላት። ሥራው አምሯል፣ ታብሌቱም ይሠራል፣ እስካሁን የተቃጠለ ነገር የለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሥራው ሊያልቅ ሲል አባቴ የሰጠው መልስ ነው። ወደ እርሱ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ አገጣጠሙ ልናገር፤ እርሱን ሳላወራ መልሱን ብነግራችሁ የሚገባችሁ አይመስለኝም። ወይም ደግሞ ለማዘግየት ሰበብ እየፈለግሁ ይሆናል።

ታብሌቱን የጠየቀው አባቴ ራሱ ነው። «ዜና የምሰማበት፣ የልጅ ልጆቼንም ፎቶ ያለ መነጽር የማይበት ነገር መኪናዋ ውስጥ ይደረግልኝ» አለኝ። መንገድ እንዲያሳየው እንዳልፈለገ ግልጽ ነው። ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ያለውን ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ፣ አወዳይን፣ ሐረማያን፣ አዴሌን፣ የደንገጎንም ቁልቁለት ከነጠመዝማዛው ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው፤ ካርታው እርሱን ቢጠይቀው ይሻለዋል።

መጀመሪያ የሞከርነው መስታወት ላይ ተመጥጦ የሚጣበቀውን መያዣ ነበር። ሐረር ላይ ያለ ችግር ይዞ ይውላል፤ ደንገጎን አልፎ ወደ ድሬ ሙቀት ሲወርድ ግን ላስቲኩ እየለሰለሰ፣ ውስጡ የታመቀው አየርም እየሰፋ ይለቃል። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ላይ ናት፤ አንድ መያዣ በአንድ ቀን ሁለት አየር ንብረት እንዲችል መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ ክብደቱ አለ። ስልክ 200 ግራም ገደማ ሲመዝን ባለ 10 ኢንች ታብሌት ግማሽ ኪሎ ይጠጋል፤ ኮረኮንች ላይ ይህ ግማሽ ኪሎ እየተወዛወዘ መያዣውን ሲታገለው ይውላል። ደግሞም መስታወት ላይ የተሰቀለ ነገር እይታ ይጋርዳል፤ በእኛ መንገድ፣ ፍየልና ባጃጅ ከየት እንደሚወጡ በማይታወቅበት አገር፣ አንዲት ስንዝር እይታ እንኳ ልትጋረድ አይገባም።

ዳሽቦርዱ ላይ በማጣበቂያ መለጠፍም አልተቻለም፤ ምክንያቱም አባቴ ዳሽቦርዱን ያለበሰውን ጨርቅ ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም። ጨርቁን ታውቁታላችሁ፤ ፎቶውን ለጥፌላችሁ ስትስቁብኝ ሰንብታችኋል። በመጨረሻ አንድ በያጅ ከላሜራ የታጠፈ መደገፊያ ሠርቶ ከሬዲዮው በታች በብሎን አሰረልን፤ ጠርዙንም ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ሸፈነው። ላስቲኩ ለውበት የተደረገ አይደለም፤ ብረት ከመስታወት ጋር ሲንቀጠቀጥ ስክሪኑን ቀስ በቀስ ይሰነጥቀዋል። ቦታውም ጥሩ ነው፤ ከማርሽ አይጣላም፣ ፀሐይም በቀጥታ አያገኘውም። አዲስ መኪና ያላችሁ ግን ኤርባጉ የሚፈነዳበት ፊት ላይ ምንም እንዳታስሩ፤ አደጋ ሲደርስ የታሰረው ነገር ወደ ተሳፋሪው ፊት ይወረወራል። የእንጀራ እናቴ ይህ ጉዳይ አይመለከታትም፤ ፔጆ 404 መመረት በጀመረችበት በ1960ዎቹ መባቻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ኤርባግ የሚባል ነገር ገበያ ላይ አልነበረም።

ፀሐይ ካልኩ አይቀር፣ የድሬ ልጆች ይህችን ስሙ። በታብሌትም በስልክም ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ ኃይል እንዲሞላ አይመከርም፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎችም መጠኑ ሲያልፍ ራሳቸው መሙላቱን ያቆማሉ ወይም ስክሪኑን ያደበዝዛሉ። መስኮቷ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና ዳሽቦርዷ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ በግንቦት ቀትር «ቻርጀሬ ተበላሸ» የሚል ሰው አስቀድሞ ስልኩን በእጁ ይዳስሰው።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልግባ። የመኪናዋ ባትሪ ስሙ 12 ቮልት ይባል እንጂ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ይሆናል፣ ሞተር ተነስቶ ሲሞላ ወደ 14 ይወጣል፣ ሞተሪኖው በሚዞርባት ቅጽበት ደግሞ 9 እና 10 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ታብሌቱ የሚፈልገው ረጋ ያለ 5 ቮልት ስለሆነ በመካከል ቮልቴጁን የሚያወርድ መቀየሪያ መግባት አለበት። የጭነት አይሱዙ የምትነዱ ወንድሞቻችን ልብ በሉ፤ የእናንተ 24 ቮልት ነው፣ 12 ብቻ የሚል ጽሑፍ ያለበትን መቀየሪያ ብትሰኩበት ሊቃጠል ይችላል።

ከገበያ ያመጣሁት የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ ቻርጀር 2.4 አምፔር የሚል ጽሑፍ ነበረው፤ ታብሌቱ ግን እየተሞላ እያለ ባትሪው ይወርድ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ፣ እዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የሚሠራው ልጅ፣ ገመዱን በጣቱ አሽቶ «ይህ ፀጉር ነው» አለ። ጉዳዩ እንዲህ ነው፤ በጣም ቀጭን ሽቦ ሁለት ሜትር ያህል ረዝሞ 2 አምፔር ሲያልፍበት መንገድ ላይ ብቻ ከ1 ቮልት በላይ ሊጠፋ ይችላል። ከ14 ቮልት ላይ አንድ ቢጠፋ የሚታወቀው ነገር የለም፤ ከ5 ላይ አንድ ከጠፋ ግን ታብሌቱ ይራባል። ስለዚህ ልጁ ወፍራሙን ሽቦ ከባትሪው እስከ ዳሽቦርዱ ጀርባ በ12 ቮልት አመጣው፣ መቀየሪያውን እዚያው ደበቀው፣ ከዚያ ወደ ታብሌቱ የሚሄደውን ገመድ አንድ ስንዝር ብቻ አደረገው። ፊውዙንም ባትሪው አጠገብ አስገባ፤ ፊውዝ የሚገባው ለታብሌቱ ሳይሆን ለሽቦው ነው፣ ሽቦው ዳሽቦርዱ ሥር ተልጦ ከብረት ቢነካካ እሳት ከመነሳቱ በፊት ፊውዙ ይቆረጣል። ይህንን ሁሉ የነገረኝ ባትሪ መብራት በጥርሱ ነክሶ ስለነበር ግማሹን የተረዳሁት በግምት ነው።

አሁን ያቺ ቅጽበት መጣች።

ልጁ ከመሪው ሥር ጀርባውን አንጥፎ ተኝቷል፣ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። እኔ በሩን ይዤ ቆሜአለሁ። አባቴ ከዛፉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል። ልጁ ከሥር ሆኖ «እትዬ፣ ቁልፉ ሲጠፋ አብሮ ይጥፋ ወይስ ይቆይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የሥራ ጥያቄ ነው፤ ኃይሉን ቁልፉ ሲዞር ብቻ ከሚመጣው መስመር ልውሰደው ወይስ ሁልጊዜ ከባትሪው ከሚመጣው ማለቱ ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ዝርዝሩን የማያውቅ ሰው እንኳ «ይጥፋ» ይላል። አፌን ከፍቼ ልመልስ ስል አባቴ ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ፣ ፊቱንም ሳያዞር፣ «ይቆይ» አለ።

ልጁ ከሥር ወጣና «አባባ፣ ሌሊት ባትሪዎን ይበላል እኮ» አለው።

«ይብላ። ባትሪው የእኔ ነው።»

እኛን የምታዳምጡ ከቆያችሁ ይህ ለምን እንዳስደነገጠኝ ይገባችኋል። ይህ ሰው የሽንት ቤት አምፖል በርቶ ካደረ ቁርስ የማይቀምስ ሰው ነው። ይህ ሰው ሐረር ቤቱ ደጃፍ መኪናውን ሲያቆም ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ የሚፈታ፣ ጠዋት መልሶ የሚያስር፣ «ብረትም ዕረፍት ይፈልጋል» የሚል ሰው ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የመኪናውን ሬዲዮ ሞተሩ ሳይነሳ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ እንኳ አስከፍቶኝ አያውቅም። ያ ሰው ነው «ይብላ» ያለው።

ልጁ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ አባቴ አየሁ። አባቴ ሻዩን አየ። ከዚያ ልጁ ትከሻውን ነቀነቀና ተመልሶ ገባ፤ ሽቦውንም ሁልጊዜ ኃይል ካለው መስመር ላይ አሰረው።

በልቤ ብዙ ጊዜ ደግሜዋለሁ። ጥያቄው አልገባው ይሆናል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ያ ሰው መኪና ሲጠግን ያደገ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ይገባዋል። ሥራው ቶሎ አልቆ ወደ ሐረር ሳይመሽበት ለመውጣት ይሆናል ብዬም ነበር፤ እርሱም አያስኬድም፣ ሁለቱም መስመሮች እኩል ጊዜ ነው የሚፈጁት። አንድ ቀላል ምክንያት ግን አለ፣ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እርሱን ትመርጣላችሁ። ታብሌቱ ባትሪው አልቆ ከጠፋ ሲነሳ ያንን በጣት የሚሳል መክፈቻ ይጠይቃል፤ የአባቴ ጣት ደግሞ ከሥራ ብዛት ደንድኗል፣ ስክሪኑ አይሰማለትም፣ ይናደዳል። እንዲህ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ መክፈቻውን አነሳለታለሁ፣ እኛም ስለ ፎቶ ቤቶች ማውራት እንችላለን።

ግን ደግሞ ይህ አለ። ታብሌቱ የት እንዳለ በእኔ ስልክ ላይ ይታያል። ይህንን ያደረግነው አብረን ነው፣ እርሱም «እሺ» ብሏል፣ የተደበቀ ነገር የለም። ማታ ማታ ስልኬን ስከፍት ነጥቧ ሐረር፣ ከጀጎል ውጭ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ትታየኛለች። ጂፒኤስ ራሱ ከሳተላይት መቀበል እንጂ መላክ አያውቅም፣ ቦታውን ወደ እኔ የሚያመጣው የስልክ መስመሩ ነው፤ ታብሌቱ ከጠፋ ነጥቧ ትደበዝዝና የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ ታሳያለች። ነጥቧን እንደማያት ያውቃል? ነግሬው አላውቅም። «ይቆይ» ያለው ለእኔ ብሎ ነው? እንዲህ ብዬ ሳስብ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ይከፋኛል፤ ምክንያቱም እኔን ለማረጋጋት ብሎ የማያምንበትን ነገር ካደረገ፣ ሌላ ምን ምን ነገር እንዲሁ «ይቆይ» እንዳለልኝ አላውቅም። ወይም ደግሞ ማታ ማታ መኪናዋ ውስጥ እየተቀመጠ ዜናውን ይሰማ ይሆናል። ነጥቧ ይህንን አትነግረኝም። መኪናዋ ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ነጥቧ ያው ነጥብ ናት።

ለምን አትጠይቂውም ትሉኛላችሁ፤ መልእክቶቻችሁን ከአሁኑ እያነበብኳቸው ነው። ብጠይቀው «እንግዲያውስ ንቀሉት» ይለኛል፤ አውቀዋለሁ።

ስሌቱን ሠርቼዋለሁ። ታብሌቱ ሌሊት በአማካይ 5 ዋት ቢበላ ከ12 ቮልት ላይ ከግማሽ አምፔር በታች ነው፤ 12 ሰዓት ሲያድር፣ መቀየሪያው የሚያባክነው ተጨምሮ፣ ከባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላይ ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ይወስዳል። ይህ መኪና አያስቆምም። ነገር ግን አባቴ ታሞ ሳምንት ቢተኛ ባትሪው ያልቃል፤ የሞተር ማስነሻ ባትሪ ደግሞ እስከ ታች መውረዱን አይወድም፣ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። «አዲስ ዘመን መጣ፣ ባትሪ ማሰብ ቀረ» የምትሉኝም አላችሁ፤ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በፈረንጆቹ 2024 ከተከለከለ ወዲህ ዘመዶቼ ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚያወሩት። እነርሱም ቢሆኑ ከትልቁ ባትሪ ጎን ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እርሷ ካለቀች ትልቁ ሞልቶ እያለ መኪናው ላይነሳ ይችላል። ጥያቄው እነርሱም ጋ አለ ማለት ነው።

መፍትሔው ታውቆ ተገዝቷል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። የባትሪውን ቮልቴጅ እየተከታተለ 12 አካባቢ ሲደርስ ኃይሉን ራሱ የሚቆርጥ ትንሽ ሣጥን ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ይላል፣ ቅዳሜ አባቴ ሲወርድ ሻዩን ሳይጨርስ ያስገባዋል። እንዲህ ከሆነ መኪናዋ ሁልጊዜ ትነሳለች፣ ታብሌቱም አብዛኛውን ሌሊት ይቆያል። ልጁ ግን «ለአባባ ልንገራቸው ወይስ ዝም ብዬ ላስገባ?» ብሎ ጠይቆኝ እስካሁን አልመለስኩለትም። ብነግረው የሚቆጣ ይመስለኛል፤ ወይም ደግሞ ደስ ይለዋል፣ ኔጌቲቩን መፍታት ይቀርለታል... ቆይ፣ አሁንስ ይፈታዋል? ከፈታው ሌሊት ለታብሌቱ ከባትሪው የሚመጣ ምንም ኃይል የለም፣ «ይቆይ» ማለቱም ትርጉም የለውም፤ ታብሌቱ በራሱ ባትሪ ብቻ ነው የሚያድረው ማለት ነው። ነጥቧ ግን ትናንት ሌሊትም በርታ ነበር፤ ግን የራሱ ባትሪም እኮ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ስለዚህ ወይ መፍታቱን ትቶታል፣ ወይ ደግሞ... ቅዳሜ ኮፈኑን ስንከፍት የገመዱን ማሰሪያ አየዋለሁ፤ የላላ ከሆነ፣ እንግዲህ...