የሰው ቃል፣ የራስ ቃል

(በሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ አንጋፋዎችም ጀማሪዎችም፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ቃል አቀባይነት እንድናገር ሲጋብዙኝ «ልምድህን አካፍለን» ነው ያሉኝ። የእኔ ልምድ ግማሹ ያልተነሳ ስልክ ነው፤ ግማሹ ደግሞ «ጉዳዩን አጣርተን እንመለሳለን» የሚል መልስ። ሰው ሰብስቦ የሚያስቀምጥ ነገር አይወጣውም። ስለዚህ የሌላ ሰው ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ፤ ከሩቅ አገር፣ ከታይዋን።

ሴትዮዋ ቼንግ ሊ ዉን ይባላሉ። እዚያ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ ቼንግ የቤቱ ስም ነው፣ ሊ ዉን የራሳቸው። እኛ ሰውን በራሱ ስም ስለምንጠራ ወይዘሮ ሊ ዉን እላቸዋለሁ። የተማሪነት ጊዜያቸውን ሳወራ አንቱታው ቢያመልጠኝ ይቅር በሉኝ፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሰልፍ ላይ ስትጮህ «እሳቸው» ማለት አፌ ላይ አይመጣልኝም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

የሥራ ታሪካቸው ላይ ላዩን ሲታይ የእኛው ሙያ ሰው ናቸው። የፓርቲ ቃል አቀባይ ነበሩ፣ ሁለት ጊዜ የሕግ አውጪው ምክር ቤት አባል ሆነዋል፣ በመካከሉ ለካቢኔው ተናግረዋል፣ በ2025 ደግሞ የፓርቲው ሊቀመንበር ሆነው ተመረጡ። ፓርቲው ኩኦሚንታንግ ነው፤ የቻይናን የእርስ በርስ ጦርነት ተሸንፎ በ1949 ከመሪው ከቺያንግ ካይ ሼክ ጋር ወደ ደሴቲቱ የተሻገረው። ይሁንና ወይዘሮ ሊ ዉን ፖለቲካ የጀመሩት ይህንኑ ፓርቲ ሲቃወሙ ነው። ዛሬ እዚህ ያመጣኋቸውም ለዚሁ ነው።

ከቤት ልጀምር። አባታቸው ከቻይናዋ ዩናን ክፍለ ሀገር የመጡ ወታደር ናቸው፤ እናታቸው የደሴቲቱ ተወላጅ። የተወለዱት በ1969 ነው፤ ያደጉት ታይናን ከተማ ውስጥ፣ ለወታደር ቤተሰቦች በተሠራ ሰፈር ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ፓርቲ ፎርም ሞልተው የሚገቡበት ነገር አልነበረም፤ እንደ ቤቱ ግድግዳ ተወልደው ያገኙታል። አገሩም ከሜይ 1949 እስከ ጁላይ 1987 ድረስ፣ 38 ዓመት ሙሉ፣ በወታደራዊ ሕግ ሥር ነበር።

ልጅቷ የብሔራዊ ታይዋን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ በሆነችባቸው ዓመታት ሕጉ ገና መነሳቱ ነበር። ያን ያህል ዘመን ተዘግቶ የኖረ አፍ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግርም። ተቃዋሚው ዴሞክራሲያዊ ተራማጅ ፓርቲ ወታደራዊ ሕጉ ሳይነሳ፣ በ1986፣ ታይፔ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ተመሥርቷል። የወታደሩ ልጅ ወደዚያ ሄደች። ታይዋን ራሷን የቻለች አገር ትሁን ከሚሉት ጋር ቆመች።

ማርች 1990 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኩ ያለው እዚያ ነውና። በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጥ ብሔራዊ ጉባኤ የሚባል አካል ነበር። አባላቱ አብዛኞቹ የተመረጡት በ1947 ነው፣ ያውም በዋናው ቻይና። የወከሏቸው ክፍለ ሀገራት በቤጂንግ እጅ ስለገቡ አዲስ ምርጫ ማድረግ አይቻልም ተባለ፤ ስለዚህ ወንበራቸው ላይ ቀሩ። ከአርባ ዓመት በላይ! የወከሉት ሕዝብ ተለውጧል፣ መራጩ ሞቷል፣ ተመራጩ አርጅቷል፤ ሥልጣኑ ግን ፀንቷል። ተማሪዎቹ በቺያንግ ካይ ሼክ መታሰቢያ አደባባይ ላይ ተቀመጡ፣ የዱር ሊሊ አበባን ምልክታቸው አደረጉ፣ ጉባኤው ይፍረስ አሉ። ለስድስት ቀን ያህል ቆዩ። ፕሬዚዳንት ሊ ቴንግ ሁይ ወኪሎቻቸውን ተቀብለው አነጋገሩ። በዚያው ዓመት የሕገ መንግሥት ዳኞቹ እነዚያ አዛውንቶች እስከ 1991 መጨረሻ ድረስ ወንበሩን እንዲለቁ ወሰኑ። ሰልፍ ወጥቶ ውጤቱን በዓይኑ ያየ ትውልድ ብዙ አይደለም፤ ይህ አይቷል። ሊ ዉን ከዚህ ትውልድ ናት።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ በተቃዋሚው ፓርቲ ስም ተወዳድራ የዚያው ብሔራዊ ጉባኤ አባል ሆነች። «ይፍረስ» በተባለው ቤት ገብታ ተቀመጠች ማለት ነው። አትሳቁ፤ በእርግጥ አሁን በሕዝብ የተመረጠ ጉባኤ ነበር፣ ሕገ መንግሥቱም የሚሻሻለው እዚያ ነው። ቤቱ ራሱ ፈጽሞ የተዘጋው በ2005 ነው። በነገራችን ላይ የ1996ቱ የጉባኤ ምርጫ የተካሄደው ታይዋኖች ፕሬዚዳንታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በመረጡበት በዚያው ቀን ነው፤ ቻይናም በዚያ ሰሞን በአካባቢው ባሕር ላይ ሚሳኤል ትተኩስ ነበር።

ትምህርታቸውን በአሜሪካና በእንግሊዝ፣ ቴምፕልና ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዎች ቀጠሉ። ፓርቲያቸው በ2000 በቼን ሹይ ቢያን መሪነት ቤተ መንግሥት ገባ። እሳቸው ከፓርቲው ጋር ተጣልተው በ2002 ወጡ። ቴሌቪዥን ላይ የውይይት ፕሮግራም ሲመሩ ቆይተው በ2005 የኩኦሚንታንግ ሊቀመንበር ሊየን ቻን ጋበዟቸውና ተቀላቀሉ። ሊየን ቻን በዚያው ዓመት ቤጂንግ ሄደው ከያኔው የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ከሁ ጂንታዎ ጋር የተጨባበጡት ናቸው፤ የሁለቱ ፓርቲ መሪዎች እንደዚያ ሲገናኙ ከስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ወይዘሮ ሊ ዉን የዚህ ፓርቲ ቃል አቀባይ ሆኑ።

እስቲ እንደ ባለሙያ አስቡት። መግለጫ ልትሰጡ ትቆማላችሁ። ወረቀቱ ስለ በጀት ነው፣ ወይም ስለ መንገድ። የመጀመሪያው እጅ ሲወጣ ግን ጥያቄው ስለ በጀት እንደማይሆን ታውቃላችሁ። «እርስዎ እኮ በ1990...» ይላል። ማይክሮፎኑ ፊት የፓርቲው ቃል አለ፣ ከኋላችሁ የራሳችሁ ቃል አለ፣ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ነው የተነገሩት።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ ያወጣለት ስም ይገርመኛል። ቃል አቀባይ። ቃሉን ያመነጨ አይደለም፣ ያቀበለ ነው፤ ከአንድ እጅ ተቀብሎ ወደ ሌላ እጅ። አባቶቻችንም አፈ ንጉሥ የሚሉት ማዕረግ ነበራቸው። የንጉሡን ቃል ለአደባባይ የሚያሰማ፣ ኋላም የዳኞች አለቃ የሆነ ሹም ነው። የእሱ አፍ የእሱ አልነበረም። ይህ በስም ደረጃ ደስ ይላል። በኑሮ ግን እንዲህ አይሠራም።

አንድ ጊዜ እሠራበት የነበረ መሥሪያ ቤት «ውኃው በሦስት ቀን ይመለሳል» የሚል መግለጫ ሰጠኝ፤ አነበብኩት። በሦስት ቀን አልተመለሰም፤ በሦስት ሳምንትም። አንድ ማለዳ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ባዶ ጄሪካን ይዘው በራችን ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ አንተ አይደለህም እንዴ በሦስት ቀን ያልከው?» አሉኝ። መሥሪያ ቤቱ አላሉም። አንተ ነው ያሉኝ። ቃል አቀባይ ነኝ፣ አቀበልኩ እንጂ አላልኩም ልበላቸው? ጄሪካኑን ተቀብዬ ከምሠራበት ግቢ ቀድቼ አመጣሁላቸው። እስከ ዛሬ ያ ጄሪካን ይከብደኛል።

እንግዲህ እኔ ለሦስት ቀን ውኃ እንዲህ ከተጠየቅሁ፣ አገር ነፃ ትውጣ ብሎ ቆይቶ በኋላ ለተቃራኒው ወገን የሚናገር ሰው ምን ይባላል? በእኛ አገር ፓርቲ የለወጠ ሰው ምን ዓይነት ስም እንደሚወጣለት ታውቃላችሁ፤ እዚህ አልዘረዝረውም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነን። ጨካኝ ተረት ነው። በዚህ ሚዛን ሴትዮዋ ወድቀዋል የሚል ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋም።

እኔ ግን ቀኖቹን እንድታዩልኝ እጠይቃለሁ። የለመድነው ተገለባባጭ እንጀራው ወደተጋገረበት ነው የሚሄደው። እሳቸው በ2002 የወጡት በሥልጣን ላይ ከነበረው ፓርቲ ነው። በ2005 የገቡት ደግሞ በ2000ም በ2004ም የፕሬዚዳንት ምርጫ ተሸንፎ ከተቀመጠው። በመካከሉ ሦስት ዓመት አለ፤ በአንድ ሌሊት አልዘለሉም። በጥቅም ነው የሚል ሰው ይህን ማስረዳት አለበት። ሐሳባቸው ትክክል ነው እያልኩ አይደለም፤ ያ የታይዋኖች ፋንታ ነው። የምለው፣ ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ መንገዱን መርምሩ ነው።

የምክር ቤቱን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ሕግ አውጪው ዩዋን በ2008 ምርጫ ከ225 ወንበር ወደ 113 ወረደ። 73ቱ በምርጫ ክልል ይያዛሉ፣ 6ቱ ለነባር ሕዝቦች ናቸው፣ 34ቱ ደግሞ መራጩ ለፓርቲ በሚሰጠው ሁለተኛ ድምፅ ከስም ዝርዝር ይሞላሉ፤ ከዝርዝሩ ግማሹ ሴቶች መሆን አለባቸው። ወይዘሮ ሊ ዉን በ2008ም በ2020ም የገቡት በዝርዝሩ ነው። ለቃል አቀባይ የሚስማማ ወንበር ነው፤ ፊቱን አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ የእኔ የሚለው መንደር ግን የለውም። «መንገዳችን የታለ» ብሎ በር የሚያንኳኳ መራጭ የለበትም። በሌላ በኩል ወንበሩ የፓርቲው ውለታ ነው። እኔ ብሆን በር የሚያንኳኳውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ማን እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰብበት ሕንፃ በጃፓን ዘመን የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ነበር። አሁን ግን የተከበሩ አባላት የሚደባደቡበት ነው፤ በኖቬምበር 2020 ከአሜሪካ በሚገባ የአሳማ ሥጋ የተነሳ የኩኦሚንታንግ ተወካዮች የአሳማ አንጀት እስከ መወርወር ደርሰዋል። የድሮዎቹ መምህራን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እላለሁ።

በሁለቱ የምክር ቤት ዘመኖች መካከል፣ ከ2012 ጀምሮ፣ የካቢኔው ቃል አቀባይ ነበሩ። ያንን ሥራ በ2014 መጀመሪያ ከለቀቁ ብዙም ሳይቆይ፣ ማርች 18 ቀን፣ ተማሪዎች ከቻይና ጋር የተደረገውን የአገልግሎት ንግድ ስምምነት ተቃውመው ምክር ቤቱን ሰብረው ገቡ፤ ከሦስት ሳምንት በላይም አደሩበት። ከዱር ሊሊው ሰልፍ 24 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ወር። ሌላ ሰው መግለጫ ሰጠ እንጂ ቀኑ ትንሽ ቢቀድም ኖሮ የቀድሞዋ ሰልፈኛ ለሰልፈኞች መልስ ሰጪ ይሆኑ ነበር።

ወደ ቅርቡ ልምጣ። ኦክቶበር 18 ቀን 2025 የኩኦሚንታንግ አባላት ሊቀመንበር መረጡ። ወይዘሮ ሊ ዉን የቀድሞውን የታይፔ ከንቲባ ሃው ሉንግ ቢንን ጨምሮ ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች በልጠው 50.15 በመቶ አገኙ፤ ኖቬምበር 1 ቀን ሥልጣኑን ከኤሪክ ቹ ተረከቡ። በ2016 ከተመረጡት ከሁንግ ሲዩ ቹ ቀጥሎ ፓርቲው በምርጫ ያገኛቸው ሁለተኛዋ ሴት ሊቀመንበር ናቸው። የቻይናው መሪ ሺ ጂንፒንግ የደስታ መልእክት ላኩ። በምረጡኝ ዘመቻው የታይዋን ሰው ሁሉ በኩራት «ቻይናዊ ነኝ» እንዲል እፈልጋለሁ ብለው ነበር።

እዚህ አገር ይህ ዜና ብዙ አልተሰማም። ኢትዮጵያ በ1970 ለቤጂንግ ዕውቅና ከሰጠች ወዲህ የታይፔ ኤምባሲ እዚህ የለም፤ በአቅራቢያችን ያለው የታይዋን ቢሮ በ2020 ሐርጌሳ የተከፈተው ነው። ስለዚህ የዚያን አገር ንትርክ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ከአንድ ወገን ነው። እዚያ ግን የ1990ዋ ሰልፈኛና የ2025ቷ ሊቀመንበር ጎን ለጎን እየተቀመጡ ይመዘናሉ።

ወደ ተረቱ ልመለስ፤ ስዘጋጅ ደጋግሜ አነበብኩት። «የተናገሩት ከሚጠፋ» ነው የሚለው። ሐሳብህን አትለውጥ አላለም። የተናገርከው አይጥፋ ነው ያለው። ስለዚህ እኔ የምፈርደው አሮጌ ቃሉን የሚደብቀውን፣ ቪዲዮውን የሚያስጠፋውን፣ «እንዲያ አላልኩም» የሚለውን ነው። የለወጠ ሰው ግን ሁለቱንም ቃል ይሸከም፤ ያኔ ይህን ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው፣ ዛሬ ይህን የምለው በዚህ ነው ይበል። ከባድ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወርዶ የሚያመጣው የለም፤ ያለበት ቦታ ሄዶ አጠገቡ መቆም ብቻ ነው የሚቻለው።

አሁን ወይዘሮ ሊ ዉን የሰው ቃል አያቀብሉም። ለእሳቸው የሚናገሩ ሌሎች አሉ፤ ምናልባት በ1990 ገና ያልተወለዱ ወጣቶች። አንዱ ነገ ጠዋት ተነስቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ስለ ሌላ ጉዳይ የተጻፈ ወረቀት ይዞ ማይክሮፎኑ ፊት ይቆማል። የመጀመሪያው እጅ ይወጣል። ጥያቄው ስለ ወረቀቱ አይሆንም፤ እሱ ስላልነበረበት አደባባይ ነው።

ከሻይ በኋላ እንደዚያ ልጅ ሆናችሁ እንድትመልሱ አደርጋችኋለሁ፤ ጥያቄዎቹን አዘጋጅቻለሁ፣ የዋህ አይደሉም። ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ።