«ባክአፕ አለ» ከማለታችን በፊት

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ ባልደረቦቼ፣

«ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን አይኖርም። እኔ ከመስኮቱ ወዲያ ተቀምጠው ይህን ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። ባለጉዳዩ ምን እንደተፈጠረ አያውቅም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቀድመን እናውቃለን። ዲስኩ እየሞላ ነው የሚል መልእክት ሲመጣ ከርሟል። አይተነዋል። «በኋላ» ብለን ዘግተነዋል።

ኃላፊው «ባክአፕስ?» ብሎ ስለ ዳታው መጠባበቂያ ቅጂ ሲጠይቅ «አለ» ይባላል። ስብሰባው በዚያው ያልፋል። «ከባክአፑ መልሳችሁ አይታችሁታል ወይ?» የሚለውን ግን እምብዛም አልሰማሁም። በሠራሁበት አንድ ቤት የባክአፑ ሃርድ ዲስክ እዚያው ዳታውን የያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ ይውል ነበር። ቀኑ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ኤሌክትሪክ የመታው ቀን ሁለቱም አብረው ሄዱ።

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት፣ የሶፍትዌር ሠሪዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትላብ ውስጥ አንድ ኢንጂነር ከተጠባባቂው ሰርቨር ዳታ የሚያጠፋ ትእዛዝ ጻፈ። የጻፈው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። ደንግጦ ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት ማናችንም ላይ ሊደርስ ይችላል። እኔን የሚያመኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ዳታውን ያድናሉ ከተባሉት አምስት መንገዶች አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። በየጊዜው ዳታውን የሚገለብጠው ፕሮግራም ቨርዥኑ ከዳታቤዙ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ ሥራው ይከሽፋል። «አልተሳካም» የሚለው ኢሜይል ደግሞ ውድቅ እየተደረገ ማንም ጋ አይደርስም። መልእክት ካልመጣ ሰላም ነው ተብሎ ታለፈ። ያዳናቸው አንድ ባልደረባ ለሌላ ሥራ ብሎ 6 ሰዓት ገደማ ቀደም ሲል በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ኩባንያው ይህን ሁሉ አንድም ሳይደብቅ ለሕዝብ አወጣ። ለዚህ ከልቤ አከብራቸዋለሁ።

ተዘጋጅቶ መገኘት ምስጋና የለውም። እ.ኤ.አ. የ2000ን መግቢያ አስታውሱ። ዓመትን በሁለት አኃዝ ስለሚጽፉ 2000ን ከ1900 የማይለዩ ፕሮግራሞችን ለማረም ባለሙያዎች ዓመታት ደከሙ። ሌሊቱ በሰላም አለፈ። ብዙ ሰው ግን «ለካ ወሬ ነበር» አለ። ይህ አባባል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሰላም ያለፈው እኮ ስለተሠራበት ነው!

ቀጣዩም ቀኑ ተቆርጧል። ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ጊዜን ከእ.ኤ.አ. 1970 ጀምሮ በሰከንድ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ 32 ቢት፣ ማለትም 32 የዜሮና የአንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ከዜሮ በታች ያለውንም ስለሚቆጥር ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። ይህ የሚሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። ከዚያ በኋላ ያለችው ሰከንድ ሰዓቱን ወደ 1901 ትመልሰዋለች። «ገና ነው» የምትሉ ካላችሁ፣ የ30 ዓመት ብድር የሚያሰላ ፕሮግራም ከዚያ ቀን ያለፈውን ዘመን አሁኑኑ እየነካ ነው።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ፋይል ምረጡ። ከባክአፑ አውጡና ሌላ ማሽን ላይ መልሱት። ሰዓት ይዛችሁ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፉ። ካልተከፈተ ለኃላፊያችሁ በዚያው ቀን ንገሩ። ኃላፊዎች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ያን የነገራችሁን ሰው አትቆጡት።

አመሰግናለሁ።